«ቲዩቡ እየተቃጠለ መቼ አሠራቸው?» እና ሌሎች የኮምፒውተር ተረቶች

ኤኒያክ የተባለው የጥንቱ ግዙፍ የአሜሪካ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር ያው ወሬ ይከተላል፦ «18 ሺህ ገደማ ቫኪዩም ቲዩብ ነበረው፤ በየደቂቃው አንዱ ስለሚቃጠል ከሚያሰላበት የሚጠገንበት ጊዜ ይበዛ ነበር።» (ቫኪዩም ቲዩብ ከረንትን የሚቆጣጠር፣ አምፖል የሚመስል የመስታወት ዕቃ ነው።) ይህ ወሬ ማሽኑ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ስጋት ነው። ሰው ግን እንደሆነ ነገር አድርጎ ያወራዋል።

ማሽኑ በ1946 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በፊላዴልፊያ ይፋ ሲሆን፣ ዋና መሐንዲሱ ፕሬስፐር ኤከርት ስጋቱን አስቀድሞ አስቦበታል። ቲዩቦቹ ከተሠሩበት አቅም በታች በሆነ ቮልቴጅና ከረንት እንዲሠሩ አደረገ። ሰርኪዩቱ የሚለየው ከረንት መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቲዩብ አርጅቶ ትንሽ ቢደክምም መልሱ አይዛባም። ብዙው ክፍል ተነቅሎ የሚተካ ነው፤ የተበላሸው ወጥቶ መለዋወጫው ይገባል፣ ጥገናው በኋላ ይደርሳል።

ዋናው ነገር ግን አለማጥፋት ነው። የቲዩብ ፊላመንት (ውስጡ የሚግለው ቀጭን ሽቦ) ቀዝቃዛ ሳለ ተቃውሞው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ሲበራ ድንገት ብዙ ከረንት ይስባል። በዚያ ላይ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ብረቱ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ይደክማል። ስለዚህ ቲዩብ በብዛት የሚሞተው ሲበራና ሲጠፋ ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤቱ መሐንዲስ ቶሚ ፍላወርስ ይህን ከስልክ መሣሪያዎች ተምሮ ስለነበር፣ በ1944 ሥራ የጀመረውን ኮሎሰስ የተባለ የጦርነት ጊዜ ምስጢር ፈቺ ማሽን ያለ ፍርሃት ከ1,500 በላይ ቲዩብ ሞላበት። (ይህን ሰምታችሁ የአያታችሁን ሬዲዮ ቀን ከሌት አብርታችሁ እንዳትተዉት። እሱ ያለው አምስት ስድስት ቲዩብ ነው፤ የመብራት ሒሳቡ ይብስባችኋል።)

ኤኒያክም ሳይጠፋ መዋል ማደር ሲጀምር ብልሽቱ በሁለት ቀን አንድ ቲዩብ ገደማ ሆነ። በ1954 ያለ አንዳች ብልሽት 116 ሰዓት ሠርቷል። ጊዜ ይበላ የነበረው ሌላ ነገር ነው፦ አዲስ ስሌት በመጣ ቁጥር ኬብሉን ነቅሎ መሰካትና ስዊቾቹን ማስተካከል ቀናት ይፈጅ ነበር። በ1948 ፍጥነቱን ቀንሰው ጭምር አሠራሩን የለወጡት ይህን ለመገላገል ነው። ማማረር የፈለገ በዚህ ያማርር።

የቀሩት ባጭሩ። ኤኒያክ ሲበራ የፊላዴልፊያ መብራት ይደበዝዝ ነበር? የሚወስደው 150 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ከተማ ምንም አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ በመገኘቷ የምትወራው የ1947ቷ የእሳት እራትም ቲዩብ አላቃጠለችም፤ የተገኘችው ሃርቫርድ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒውተር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ስዊች) ውስጥ ነው። ኮሎሰስ ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን የምስጢር መጻፊያ ማሽን አልፈታም፤ የተሠራው ሎሬንዝ ለተባለው ሌላ የጀርመን ማሽን ነው። በኤኒግማ ላይ የዋለው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ የተካፈለበት ቦምብ የተባለው ማሽን ነበር።

«የመጀመሪያው ኮምፒውተር»ን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የምን እንደሆነ ሳይነገር መልስ የለውም። በፕሮግራም የሚሠራው የኮንራድ ዙሴ ዜድ 3 በ1941 በርሊን ውስጥ ሠርቷል፣ ያውም በሪሌ። ፕሮግራሙን በራሱ ኤሌክትሮኒክ ማኅደረ ትውስታ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው የማንቸስተሩ «ቤቢ» ነው፣ ሰኔ 1948። የኤኒያክን ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ደግሞ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1973 ሽሮታል።