ስለ አዮን ቻናል ጂኖች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዮን ቻናሎች በሕዋስ ገለፈት ላይ ሆነው ሶዲየምን፣ ፖታሲየምን፣ ካልሲየምንና የመሳሰሉትን የሚያሳልፉ ፕሮቲኖች ናቸው። ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ የእነዚህ ፕሮቲኖች ጂኖች እንዴት እንደተለዩ ሲነሳ ከተማሪዎች የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሚጥሚጣ ማቃጠል ጣዕም ነው።»
እውነታው፦ ማቃጠሉ የሕመምና የሙቀት ስሜት እንጂ ጣዕም አይደለም። ከከፊራ ገበያ የምንገዛው ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚከፍተውን ቻናል ጂን በ1997 ያገኙት በካሊፎርኒያ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ናቸው። መንገዳቸው በእኔ አስተያየት ከግኝቱ እኩል የሚደነቅ ነው። በአይጥ የስሜት ነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚሠሩትን ጂኖች ቅጂዎች ሰብስበው በቡድን በቡድን ከፋፈሉ፤ ከዚያም ለካፕሳይሲን ምንም ምላሽ በማይሰጡ ሕዋሳት ውስጥ አስገብተው፣ ካልሲየም የሚያስገባ ሕዋስ የታየበትን ቡድን ደግመው ደጋግመው እየከፈሉ እስከ አንድ ጂን ድረስ ወረዱ። ቲአርፒቪ1 የተባለው ይህ ቻናል ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ በሆነ ሙቀትም ስለሚከፈት፣ አንጎል ከሚጥሚጣውም ከሙቀቱም የሚደርሰው መልእክት ተመሳሳይ ነው።

«የሰው ጂኖም ከተነበበ በኋላ የቀረው መዝገቡን ማየት ብቻ ነው።»
እውነታው፦ የጂን ፊደላትን ማንበብ ሥራውን አይነግርም። የሰውን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉውን የጂን መረጃ፣ ያነበበው የሰው ጂኖም ፕሮጀክት በ2003 ቢጠናቀቅም፣ ግፊት ሲያርፍበት የሚከፈተው ፒየዞ1 የተባለ ቻናል የታወቀው በ2010 ነው። አርደም ፓታፑቲያንና ባልደረቦቹ የተጠረጠሩ 72 ጂኖችን አንድ በአንድ ከሥራ ውጪ እያደረጉ፣ ሕዋሱ በቀጭን የመስታወት ዘንግ ሲነካ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለኩ፤ ፍሰቱ የጠፋው የመጨረሻው ጂን ሲዘጋ ነበር። ጁሊየስና ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

«አንድ ጂን አንድ ቻናል ነው።»
ይህ ከእውነት የራቀ ነው። በ1987 የተለየው የፍሬ ዝንብ ሼከር ጂን ከአንድ በላይ የፕሮቲን ዓይነት ይሰጣል፤ የፖታሲየም መተላለፊያውም የሚቆመው አራት ፕሮቲኖች ሲገጣጠሙ ነው።

«ጂኑ ከተገኘ መድኃኒቱ ቅርብ ነው።»
ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ጂን የተገኘው በ1989 ነው፤ ነገር ግን ጂኑ የሚያመርተው ፕሮቲን ራሱ የክሎራይድ ቻናል መሆኑ በሚገባ የተረጋገጠው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ይህንኑ ቻናል በቀጥታ የሚያግዘው አይቫካፍቶር የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው ደግሞ በ2012 ሲሆን፣ ያኔ የተፈቀደው የተወሰነ የጂን ለውጥ ላላቸው ታካሚዎች ብቻ ነበር።