የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች መድኃኒት ማዘዝን ምን ያህል ያውቁታል?

ጥርስ ሐኪም ሲባል ሰው ትዝ የሚለው መንቀያው ነው፤ ብዕሩን ማንም አያስበውም። ግን ጥርስ ሐኪምም መድኃኒት ያዛል። በብዛት የሚያዘው የሕመም ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ነው፤ ማደንዘዣውን ራሱ ይወጋል። ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው የማዘዣ መመሪያ ሥራውን በስድስት እርምጃ ይከፍለዋል። ችግሩን ለይ፣ የሕክምናውን ግብ ወስን፣ መድኃኒቱ ለዚህ ሰው እንደሚስማማ አረጋግጥ፣ ጻፍ፣ አስረዳ፣ ተከታተል። ብዕር የሚነሳው አራተኛው ላይ ነው። ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ ከአራተኛው ይጀምራል።

ስምና መጠኑን ተምረውታል፣ ተፈትነውበታል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ክፍተት ግን ከዚያ ያልፋል። መድኃኒት ከመድኃኒት ሲጋጭ መለየት ያስቸግራቸዋል። ማዘዣው ላይ የታካሚው ዕድሜ ወይም መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ይረሳል። ሌላው የሚከብደው ደግሞ አንቲባዮቲክ መቼ እንደማያስፈልግ ማወቁ ነው።

የጥርስ ነርቭ ተቆጥቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስለቅስ ሕመም በአንቲባዮቲክ አይድንም። ጥርሱ መታከም ወይም መነቀል አለበት። መግል ቢቋጥርም እብጠቱ እዚያው ከሆነ ዋናው ሥራ መግሉን ማስወጣት ነው። ትኩሳት ካለ ወይም እብጠቱ ወደ ፊትና አንገት ከተዛመተ ግን አንቲባዮቲክ ይገባል። የድርጅቱ የ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያ ለአዋቂ አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ይላል። የችግሩ ምንጭ ከተወገደ 3 ቀን፣ ካልተወገደ 5 ቀን። ብዙ ሰው የለመደው ግን 7 ቀኑን፣ 21 ፍሬውን ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ተማሪ ሰሜን ሸዋ ላይ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። አንዲት እናት ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን መጡ እንበል። ጥርሳቸው ተነቅሏል፣ ትኩሳት የለም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ነገ ይመለሱ ቢባሉ አይመለሱም። ተማሪው «ቢብስባቸውስ?» ይልና ለማንኛውም ብሎ አሞክሲሲሊን ይጽፋል። ይሄ አለማወቅ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። በፈተና ወረቀት ላይም አይታይም።

መድኃኒቱ በእርግጥ ካስፈለገ ደግሞ «በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ቃል ራሱ ጣጣ አለው። ቀን 8 ሰዓት ላይ አንዴ የሚውጥ አይጠፋም። «እማማ፣ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ይውሰዱ» ማለት ይሻላል። እሳቸው ደግሞ «ልጄ፣ ሁዳዴ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስ» ሊሉ ይችላሉ። ይሄኔ የጠዋቱም የቀኑም ቀረ ማለት ነው። የሕመም ማስታገሻው ኢቡፕሮፌን ከታዘዘም በባዶ ሆድ ጨጓራ ይነካል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀላለች፤ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ መንገር ይቻላል። ግን ተማሪው መጀመሪያ ስለ ጾሙ መጠየቅ አለበት።

ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ ነው። ከአልኮል ጋር አይወሰድም፤ ከጨረሱ በኋላም 2 ወይም 3 ቀን መታቀብ ይመከራል። «ይጠጣሉ?» ሲባል «ኧረ አልጠጣም» የሚል ሰው ጠላን አይቆጥርም። ስለዚህ ጠላና አረቄ በስማቸው ተጠርተው ይጠየቁ።

የቀረው በአብዛኛው ከመጽሐፍ የሚገኝ ነው። የልጅ መጠን በክብደት ይሰላል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። አንድ ባለ1.8 ሚሊሊትር የማደንዘዣ ቱቦ ባለ2 በመቶ ሊዶኬይን ከሆነ 36 ሚሊግራም መድኃኒት አለው። ተማሪዎች ብዙ የሚምታታባቸው የልብ ሕመምተኛው ጉዳይ ነው። ጥርስ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ኢንፌክሽን ልብ ላይ እንዳይደርስ 2 ግራም አሞክሲሲሊን የሚሰጠው እንደ ሰው ሠራሽ የልብ በር ያለ ከፍተኛ ስጋት ላለበት እንጂ ልቡን ለታመመ ሁሉ አይደለም። ሰውየው ለፔኒሲሊን አለርጂክ ከሆነ ደግሞ የፔኒሲሊን ወገን የሆነው አሞክሲሲሊን ጭራሽ አይነካም።

ስድስተኛው እርምጃ፣ ክትትሉ፣ ቀጠሮ ለመያዝ ቀላል፣ ለመምጣት ከባድ በሆነበት አገር ወደ ስልክ ይወርዳል። ተማሪው እናትየውን «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው ይንገሩኝ» ይላቸዋል። ከዚያ ማዘዣው ጀርባ ላይ የክሊኒኩን ቁጥር ይጽፍና «እብጠቱ ከጨመረ ወይም መዋጥ ካቃተዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉ» ብሎ ይሸኛቸዋል።