«ጠበቅ አድርገህ ለካው»፦ ስለ ማይክሮሜትር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድሬዳዋ ቶርኖ ቤት ውስጥ ማይክሮሜትር፣ ማለትም ዕቃን በሁለት ፊቶች መሃል ይዞ ውፍረቱን እስከ ሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ባለ ጥርስ መሣሪያ፣ አይጠፋም። ስለ አጠቃቀሙ የሚነገረው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ጠበቅ ሲል ልኩ ትክክል ይሆናል።»

ማይክሮሜትር ሞርሳ አይደለም። ጥርሱ በአንድ ሙሉ ዙር የሚሄደው 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በጣት የተደረገ ትንሽ ግፊት እንኳ ትልቅ ኃይል ይሆናል፤ ፍሬሙ ይለጠጣል፣ ንባቡም ከእውነተኛው ያንሳል። ጫፉ ላይ ያለችውን ራቼት ይዘው ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ሁለት ሦስቴ ቀጭ ስትል ይበቃል። በፍጥነት ለሚያሽከረክር ግን ራቼትም አታድነውም።

«ሚሊ ሜትሩን አንብቦ የሚዞረውን መደመር ነው።»

ብዙ ዕቃ የሚያበላሸው ይሄ ነው። በተለመደው ባለ 0.01 ማይክሮሜትር ቋሚው በርሜል ከመስመሩ በአንድ በኩል ሙሉ ሚሊ ሜትሮችን፣ በሌላው በኩል ግማሾችን ይዟል። የሚዞረው ቲምብል 50 ክፍል አለው። 7 ታይቶ፣ ከ7 ቀጥላ ያለችው የግማሽ መስመርም ወጥታ፣ ቲምብሉ 28 ላይ ከሆነ ልኩ 7 + 0.5 + 0.28፣ ማለትም 7.78 ነው። ግማሿን የረሳ 7.28 ይላል።

ተቃራኒውም አለ፣ እሱም የለመደ ሰው ስህተት ነው። ቲምብሉ 48 ላይ ሳለ የግማሿ መስመር ብቅ ማለት ትጀምራለች። ቸኩሎ የቆጠራት 7.98 ይጽፋል፤ ዕቃው ግን 7.48 ነው። መስመሯ የምትቆጠረው ቲምብሉ ዜሮ ላይ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው። ከተጠራጠሩ ካሊፐር (ተንሸራታቹን መለኪያ) ያምጡ፤ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ከካሊፐር አያመልጥም።

«አዲስ ስለሆነ ዜሮውን ማየት አያስፈልግም።»

በተለይ ነፋስ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በሚያነሳበት ቀን ያስፈልጋል። ንጹህ ወረቀት በሁለቱ ፊቶች መሃል ለስለስ አድርገው ይያዙ፣ ስበው ያውጡት፣ ከዚያ ይዝጉ። ቲምብሉ 2 ላይ ከቆመ ከእያንዳንዱ ንባብ 0.02 ይቀንሱ፤ 48 ላይ ከቆመ 0.02 ይደምሩ። ከ25 እስከ 50 የሚለካው አብሮት በሚመጣው የ25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይፈተሻል።

«ብረት በሙቀት ያን ያህል አይለወጥም።»

የልኬት መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። 50 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ገና ከቶርኖ እንደወጣ ከማይክሮሜትሩ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ 0.02 ያህል ወፍሮ ይለካል፤ ሲቀዘቅዝ ኩሽኔታው ውስጥ ይላላል። የድሬዳዋ ፀሐይ ራሷ ግን እንደሚወራባት አይደለችም፦ መለኪያውም ዘንጉም ብረት ሆነው ጥላ ውስጥ አብረው ከቆዩ አብረው ስለሚሰፉ ልዩነቱ ይጣፋል። አሉሚኒየም ነው ችግሩ፤ የብረትን እጥፍ ያህል ይሰፋል። ቀዝቃዛ የሐረር ጠዋት ላይ የተለካ 80 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ፒስተን፣ በ15 ዲግሪ በሚበልጥ የድሬዳዋ ከሰዓት በብረት ማይክሮሜትር ቢለካ 0.014 ያህል ጨምሮ ይታያል። ሁለቱም ለኪዎች ግን ልክ ናቸው።

«አንድ ቦታ መለካት ይበቃል።»

ለክራንክሻፍት፣ ለሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ አይበቃም። አቅጣጫውን በ90 ዲግሪ ቀይረው ሁለቴ፣ በሁለቱም ጫፍ ይለኩ፤ አለዚያ ሞላላነቱም ሹልነቱም አይታይም።

«ሲያስቀምጡት ጥብቅ አድርጎ መዝጋት ጥሩ ነው።»

ፊቶቹ ተጣብቀው ከቆዩ መሃላቸው የቀረ እርጥበት ያዝጋቸዋል። ቀጭን ዘይት ቀብተው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍት ትተው፣ መቆለፊያውን ፈትተው ሳጥኑ ውስጥ ይመልሱት።