የዋሽንግተን ዲሲ የትምህርት ቤቶች ቻንስለር ምንድን ነው? የሚመረጠውስ እንዴት ነው?

ቻንስለር የዋሽንግተን ዲሲን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በበላይነት የሚመራ ሹም ነው። ከመቶ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችና 50 ሺህ ገደማ ተማሪዎች በሥሩ ይገኛሉ። ርዕሰ መምህራንን ይሾማል፣ ያነሳል፤ ሥርዓተ ትምህርቱንና የመምህራን ምዘናውን ይመራል፤ ከመምህራን ማኅበሩ ጋር በሥራ ውል ላይ ይደራደራል፤ ተማሪ ያነሰው ትምህርት ቤት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ በሚለው ጥያቄ ላይም የመጀመሪያው ሐሳብ የሚመጣው ከእርሱ ነው። በልጆቻችን የዕለት ተዕለት ትምህርት ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ሰው መመረጡን አብዛኞቻችን የምንሰማው ግን ስሙ በዜና ከተነገረ በኋላ ነው፤ በእኔ እምነት ያን ጊዜ ወላጅ ሐሳቡን ለማሰማት ያለው ዋነኛ ዕድል አልፏል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በከተማዋ በሕዝብ ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ የሚማሩት በቻርተር ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ እነዚህ በየራሳቸው ቦርድ የሚመሩና በአንድ የቻርተር ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ቦርድ ሥር ያሉ በመሆናቸው ቻንስለሩ አያዛቸውም። ልጁ ቻርተር ትምህርት ቤት የሚማር ወላጅ አቤቱታውን ወደ ቻንስለሩ ቢሮ ቢወስድ መልስ የሚያገኝበት መንገድ የለም።

ይህ ሹመት አሁን ያለውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቶቹን የሚመራው ሱፐርኢንቴንደንት ይባል ነበር፤ ለትምህርት ቤቶቹ ተጠሪ የነበረውም የትምህርት ቦርዱ ነበር። በዚያ ዓመት ሥልጣን የያዙት ከንቲባ አድሪያን ፌንቲ ትምህርት ቤቶቹ በቀጥታ በከንቲባው ሥር እንዲሆኑ የሚያደርግ ሕግ በከተማው ምክር ቤት አስጸደቁ። ቦርዱ ትምህርት ቤቶቹን የማስተዳደር ሥልጣኑን አጥቶ የትምህርት ደረጃዎችን በመሳሰሉ ጉዳዮች ላይ የሚወስን የስቴት ትምህርት ቦርድ ሆነ፤ ቻንስለሩም እንደ ማንኛውም የከተማዋ ከፍተኛ ሹም ከንቲባው እስከፈለገው ድረስ ብቻ በሥራው ላይ የሚቆይ ሆነ። የሕጉ ደጋፊዎች ተጠያቂነት በአንድ ሰው ላይ መውደቁን ይወዱታል፤ ትምህርት ቤቱ ከወደቀ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ይታወቃልና። እውነትነት ያለው ክርክር ነው፤ ሆኖም ያ ተጠያቂነት የሚመጣው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በምርጫ ሣጥን ብቻ መሆኑን አብሮ ማየት ይገባል።

ሕጉ ከንቲባውን እንዳሻው እንዲሾም አልተወውም። ከንቲባው ዕጩውን ከመምረጡ በፊት መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች የሚገኙበት ገምጋሚ ኮሚቴ ማቋቋም ግዴታው ሲሆን፣ ከመምህራኑ መካከል የዋሽንግተን መምህራን ማኅበር ተወካዮች መኖር አለባቸው። ለኮሚቴው በዕጩነት የሚታሰቡትን ሰዎች የሥራና የትምህርት ማስረጃ መስጠት፣ ከዚያም አባላቱን ሰብስቦ አስተያየታቸውን መስማት ይጠበቅበታል። የኮሚቴውን ምክር ከግምት እንዲያስገባ የተደነገገ ሲሆን፣ በተለይ የመምህራን ማኅበሩ ለሚያቀርበው ሐሳብ ትልቅ ክብደት እንዲሰጥ በግልጽ ተጽፏል። እዚህ ላይ ያሉት ቃላት በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው፤ ኮሚቴው ይመክራል እንጂ አይመርጥም፣ ድምፅ ሰጥቶ ዕጩን መጣልም አይችልም። ነገር ግን በጠቅላላው የአመራረጥ ሂደት ውስጥ ስሙ ገና ያልተወሰነ ሰው በመምህርና በወላጅ ፊት የሚመዘንበት በሕግ የተደነገገ ጊዜ ይህ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ከንቲባው አንድ ዕጩ ለከተማው ምክር ቤት ያቀርባል። ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ ዕጩውን በአደባባይ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ሹመቱን በድምፅ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። በተግባር ሲታይ ስሙ በይፋ የተነገረ ዕጩ ብዙ ጊዜ ወንበሩን ይዞ ሥራ ጀምሮ ነው ለምክር ቤቱ የሚቀርበው፤ በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ትምህርት ቤቶቹን በዓመቱ መካከል ያለ መሪ መተው ስለሚመስል የምክር ቤት አባላት ይህን ለማድረግ ይከብዳቸዋል።

ያለፉት ሹመቶች ይህ አካሄድ ምን እንደሚያመጣ ያሳያሉ። የመጀመሪያዋ ቻንስለር ሚሼል ሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሾሙ ቀደም ሲል አንድም የከተማ ትምህርት ቤቶችን ሥርዓት መርተው አያውቁም ነበር። ከ20 በላይ ትምህርት ቤቶችን ዘጉ፣ ከተማሪ ውጤት ጋር የተያያዘ አዲስ የመምህራን ምዘና አመጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ክረምት ብቻ ከ200 በላይ መምህራንን አሰናበቱ። ደጋፊዎቻቸው ለዓመታት የተከማቸውን ድክመት ያረመ ድፍረት ሲሉት፣ ሰፈራቸው ያለው ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ቤተሰቦች ያልተማከሩበት ውሳኔ አሉት። በዚያው ዓመት መስከረም ፌንቲ በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ በቪንሰንት ግሬይ ተሸነፉ፤ ብዙዎች ከሽንፈቱ ምክንያቶች አንዱ የትምህርት ቤቶቹ ጉዳይ እንደነበር ያምናሉ። ሪም በቀጣዩ ወር ሥራቸውን መልቀቃቸውን አስታወቁ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ምክትላቸው የነበሩት ካያ ሄንደርሰን ሲሆኑ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ቆዩ። ቀጥለው ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ የመጡት አንትዋን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ሥራ ጀምረው በዓመቱ በየካቲት ለቀቁ። ምክንያቱ ለማንም ወላጅ ግልጽ ነው። በከተማዋ ከመኖሪያ ክልላቸው ውጭ ያለ ትምህርት ቤት ለልጃቸው የሚፈልጉ ሁሉ በዕጣ ይወዳደራሉ፤ የቻንስለሩ ልጅ ግን ከ600 በላይ ተማሪዎች ወረፋ ወደሚጠብቁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕጣውን ሳትጠብቅ ተዛወረች። ያ ደግሞ ባለሥልጣናት ለልጆቻቸው እንዲህ ዓይነት ልዩ አስተያየት እንዳያገኙ የሚከለክለውን፣ በእርሳቸው ዘመን የወጣውን መመሪያ የጣሰ ነበር። በዚያው ሰሞን ይፋ የሆነ ምርመራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተመረቁት ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከክፍል ከመጠን በላይ ቀርተው ወይም ሌላ መመሪያ ተጥሶ ዲፕሎማ እንደተሰጣቸው አሳየ። ዕጩ ሲመረመር በወረቀት ላይ ስለሚታየው የምረቃ መቶኛ ብቻ ሳይሆን ያ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ አጥብቆ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ይህን ጥያቄ ከመምህራን የተሻለ የሚያቀርብ ደግሞ የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር አዲስ ቻንስለር ሲፈልጉ፣ በገምጋሚ ኮሚቴው ውስጥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተሰጠው ቦታ ከሕጉ ጋር አይሄድም የሚል ቅሬታ ተነስቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍለጋው ግን አልቆመም። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ከኢንዲያናፖሊስ ሉዊስ ፈረቢ በዕጩነት ቀረቡ፣ ምክር ቤቱም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 አጸደቃቸው።

ከከተማዋ ወሰን ወጥቶ ሜሪላንድ ለሚኖር ወገን ነገሩ ሌላ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሱፐርኢንቴንደንቱን የሚቀጥረው አንዱ አባሉ ተማሪ የሆነ፣ በምርጫ የተሰየመ የትምህርት ቦርድ ሲሆን፣ የሥራ ዘመኑም በስቴቱ ሕግ አራት ዓመት ነው። በቨርጂኒያዎቹ ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያም ቀጣሪው የተመረጠ ቦርድ ነው። ስለዚህ በእነዚህ አካባቢዎች ትልቁ ውሳኔ ያለው ብዙ ሰው ሳያነብ በሚያልፈው የቦርድ አባላት ምርጫ ላይ ነው።

በዲሲ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ግን ሁለት በሮች አሉ። የመጀመሪያው የከንቲባ ምርጫ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ የከተማዋ ሕግ መሠረት የአሜሪካ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎችም በአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችሉ ሲሆን፣ ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ኮንግረስ የከተማዋን ሕጎች መሻር ስለሚችል፣ እንዲሁም ዜግነት ያላገኘ ሰው በፌዴራል ምርጫ መሳተፍ ስለማይፈቀድለት፣ ከመመዝገብ በፊት የምርጫ ቦርዱን መጠየቅ ግድ ነው። ሁለተኛው ገምጋሚ ኮሚቴው በሚቋቋምበት ሰሞን የሚጠሩት የሕዝብ ስብሰባዎች፣ በኋላም ምክር ቤቱ የሚያዘጋጀው የአስተያየት መስሚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ባለው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶችም አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አስተርጓሚው በሰዓቱ እንዲገኝ ጥያቄውን ከስብሰባው ቀናት ቀደም ብሎ ማቅረብ፣ ሲናገሩም ስለ አንድ የተወሰነ ትምህርት ቤትና ስለ አንድ የተወሰነ ችግር፣ ለምሳሌ እንግሊዝኛ ገና እየተማሩ ላሉ ልጆች ስለተመደቡት መምህራን ማነስ፣ መናገር ይበጃል፤ እንዲህ ያለው ቃል በጽሑፍም ሲገባ ዕጩው በምክር ቤቱ ፊት ሲቀርብ የሚጠየቅበት ነገር ይሆናል።