ስለ ትልልቅ ጌጅ የሾትጋን ጥይትና ስለ መሙያ ፕሬሱ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በወሎ ገጠር ውጅግራን ከምንሽር፣ ምንሽርን ከአልቢን በዓይኑ ለይቶ የሚናገር ሽማግሌ አይጠፋም። በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚበትነው የሾትጋን ነገር ሲነሣ ግን ጨዋታው ይደባለቃል፤ በተለይ የውጭ አገር አዳኞች የተተኮሰ ቀለህ በእጅ ፕሬስ፣ ማለትም በእጅ በሚጫን የመሙያ ማሽን፣ መልሰው እንደሚሞሉ ከተሰማ ወዲህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቶርኖ ቤቶች የሚነገረው ግማሹ ስህተት ነው።

«የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን የመሣሪያው አፍ ይሰፋል።»

ተቃራኒው ነው። ጌጅ የሾትጋን በርሜል ስፋት መለኪያ ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም እርሳስ፣ ለበርሜሉ ቀዳዳ ልክ የሚሆኑ ስንት ድብልብሎች እንደሚወጡ ነው። ለ12 ጌጅ የሚሆነው አንዱ ድብልብል 37.8 ግራም ገደማ ሲመዝን የበርሜሉ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ10 ጌጅ ክብደቱ ወደ 45.4 ግራም፣ ስፋቱ ወደ 19.7 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ 8 ጌጅ ደግሞ 21.2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የጥንት አውሮፓ መድፈኞችም መድፋቸውን በሚተኩሰው አሎሎ ክብደት ይጠሩት ነበርና የጌጅ አቆጣጠር የዚያ ልማድ ዘመድ ነው። ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው 410 የሚባለው ትንሹ ሾትጋን ሲሆን፣ የእሱ ቁጥር የኢንች ክፍልፋይ ነው።

«ፕሬስ ፕሬስ ነው፤ የጠመንጃ ጥይት የሚሞላው ዳዩ (ቀለሁ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት) ብቻ ከተቀየረ ሾትጋንም ይሞላል።»

ብዙ የብረት ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጉልበቱን አይቶ ልኩን ይረሳል። የተለመደው የጠመንጃ ጥይት ፕሬስ ዳይ የሚታሰርበት የብሎን ጥርስ ውጫዊ ስፋቱ ሰባት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። የ12 ጌጅ ቀለህ አካል ብቻውን ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በዚያ ጥርስ ውስጥ ቀለሁን አቅፎ የሚይዝ ዳይ ቢሠራ የሚቀረው ግድግዳ ከሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ 10 ጌጅማ ጨርሶ አይታሰብም። ስለዚህ አንዳንድ ጠንካራ ፕሬሶች የላይኛው ቀለበታቸው ተፈትቶ 31.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ጥርስ እንዲገለጥ ተደርገው ይሠራሉ፤ ለትልቅ ጌጅ ማስማማት ሲባልም በአብዛኛው የሚታሰበው ከዚያ ቀዳዳ ተነሥቶ ነው። ጥርሱ ቢገጥም እንኳ ሥራው አላለቀም። የቀለሁን ከንፈር የሚይዘው መቀመጫ መስፋት አለበት፤ ገፊው ዘንግም ረጅሙን ቀለህ እስከ መጨረሻው የሚያስገባ ጉዞ ያስፈልገዋል። በተጨማሪ ሾትጋን የጠመንጃ ጥይት የሌለው ሥራ አለው፦ በባሩዱና በእርሳስ ፍሬዎቹ መካከል ውታፍ ይገባል፣ የቀለሁ አፍም ታጥፎ ይዘጋል። ለዚህም ነው የሾትጋን ፕሬሶች ብዙውን ጊዜ ለየጌጁ ተለይተው የሚመረቱት። ያለ በቂ ምክንያት የጠመንጃ ፕሬስን ከማስገደድ ለጌጁ የተሠራውን መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

«በጥይቱ ላይ የተጻፈው ርዝመት ገና ያልተተኮሰው ጥይት ርዝመት ነው።»

አይደለም። 70፣ 76 ወይም 89 ሚሊ ሜትር የሚለው ጽሑፍ ከተተኮሰ በኋላ አፉ የተከፈተው ቀለህ ርዝመት ነው። ይህ ስህተት አደገኛ የሚሆነው 76 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥይት ታጥፎ እያለ ለ70 በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ያለ ችግር ስለሚገባ ነው፤ ሲተኮስ ግን የሚዘረጋው አፍ ወደሚጠበው የበርሜሉ ክፍል ዘልቆ መንገዱን ያጠብባል፣ ግፊቱም ያለ ልክ ይጨምራል። ገባ ማለት ይስማማል ማለት እንዳልሆነ በዚህ ይታያል።

«የአያት ውጅግራ ቀለህ ለሾትጋን ይሆናል፤ ባሩድም ቢሆን ባሩድ ነው።»

ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ስም ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ መሣሪያ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ሲሆን ቀለሁ አንገቱ የጠበበ ነው። የሾትጋን ቀለህ ግን ከሥር እስከ አፍ ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ የሾትጋኑም ቀለህ ነሐስ ቢሆን እንኳ ይህ አያገናኛቸውም። የባሩዱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የድሮው ጥቁር ባሩድ ከጨው ፒተር (ፖታሲየም ናይትሬት)፣ ከከሰልና ከድኝ የሚቀመም ብዙ ጭስ ያለው ነው፤ ጭስ አልባው ባሩድ ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራና በትንሽ መጠን እጅግ ብዙ ኃይል የሚሰጥ ነው። ጥቁር ባሩድ ይሞላበት የነበረውን ያህል በጭስ አልባው መሙላት በርሜል ያፈነዳል፤ የጥንት መሣሪያ ደግሞ ብረቱ ራሱ ለዚያ ግፊት አልተሠራም።

«በገዛ ቤቴ የምሠራው ስለሆነ የሚጠይቀኝ የለም።»

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያንም ጥይትንም ያለ ፈቃድ ማምረትን ይከለክላል፤ የቶርኖ ባለቤትም ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ይህን ማወቅ ይኖርበታል። በዝናር ላይ ለጌጥ የቀረው ባዶ የውጅግራ ቀለህ ግን በዚያው ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም።