ዕዳው ገብስ አይደለም

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና ሰው አረቄ ቤት ይሰበሰብና ስለ መንግሥት ያወራል። ባለፈው ሳምንት የተነሳው ወሬ «ለከሰረ ድርጅት ዕዳ ይሰረዛል፣ ለእኛ ለግብር ከፋዮቹ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም» የሚል ነበር። ግማሹ ልክ ነው። የቀረው ግማሽ ግን እየተሳሳተ ነው የሚዞረው። እዚያ የተባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«መንግሥት ከራሱ ኪስ ነው የሚሰጠው።» የቱ ኪስ? አንድ ጋሼ «እኔ ሱቅ የለኝ፣ ግብር አልከፍል፣ ምን አገባኝ» አሉ። ሳሙና ሲገዙ፣ የስልክ ካርድ ሲሞሉ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከፍለዋል እኮ። ደሞዝተኛውማ ብሩን ገና ሳያየው ተቆርጦበታል።

«ንግድ ባንክ 900 ቢሊዮን ብር በነፃ ታደለ።» ይሄኛው ነው ብዙ ያጨቃጨቀን። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ አጸደቀ። ቦንድ በጆንያ የሚጫን ጥሬ ብር አይደለም፣ «በዚህ ጊዜ ከነወለዱ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ነው። ባንኩ ለዓመታት ለስኳር፣ ለመብራት፣ ለባቡር ለመሳሰሉት የመንግሥት ፕሮጀክቶች አበደረ፣ ብዙው ሳይመለስ ቀረ። ብሩ ያለቀው ያኔ ነው። አሁን የሆነው ዕዳው ከባንኩ መዝገብ ወደ መንግሥት መዝገብ መዛወሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ከበጀት ይከፈላል። ከሳሙናው ማለት ነው።

«ታዲያ ይውደቁ!» ንዴቱ ይገባኛል። ግን ባንክ ውስጥ ያለው የማን ብር ነው? ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር የሚክስ የተቀማጭ መድን ፈንድ አለ (አረቄ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አልሰማም ነበር)። ከዚያ በላይ ያስቀመጠ ግን ተራ ይጠብቃል። ፋብሪካም ሲዘጋ መጀመሪያ የሚበርደው ባለቤቱን አይደለም። ከሞላሌ መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየችውን ልጅ ነው፣ ቀጥሎ አከራይዋን፣ ቀጥሎ እንጀራ የምትሸጥላትን። ለእኔ መዳን ያለባቸው እነሱ ናቸው፣ ባለቤቱ ይክሰር።

«ለድርጅት የተሰጠ ተበልቶ ይቀራል» የሚለው ደግሞ እንደ ውሉ ነው። አሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. ባንኮቿ ሲናጉ እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደች። ኤ.አይ.ጂ. የተባለውን የመድን ድርጅት ስታድን ወደ 80 በመቶ ድርሻውን ወሰደች፣ ኋላ ስትሸጠው ነገሩ በትርፍ አለቀ። በጄኔራል ሞተርስ ግን ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ከሰረች።

«ለሰው ቢሰጥ ይሰንፋል»? ለተቸገረ ገበሬ ብር ወይም እህል የሚሰጠው ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አቅም ያለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ነው የሚቀበለው። ይሄን የሚል ሰው መንዝ ወጥቶ ለአንድ ቀን ድንጋይ ይሸከምና እንነጋገር።

«ለግብር ከፋይ ምንም ተደርጎለት አያውቅም» የሚለውም ልክ አይደለም። ኮሮና ሲገባ፣ በ2012፣ እስከ 2007 ዓ.ም. የተከማቸ የግብር ዕዳ ተሰርዟል። ሥራ ቆሞባቸው ደሞዝ መክፈል ያላቋረጡ ድርጅቶችም ከሠራተኛው የቆረጡትን ግብር ለ4 ወር እንዳያስገቡ ተፈቅዶላቸው ነበር። ሠራተኛው እንዳይባረር ታስቦ ነው፣ ክፋት የለውም። ብቻ ግብሩ የሠራተኛው፣ ምሕረቱ የአሠሪው ሆነ።

ይህን ሳወራ የአረቄ ቤቱ ባለቤት ብርጭቆ እያጠቡ ያዳምጡ ነበር። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ሰልፉ ሳይረዝም፣ ግብራቸውን ከፍለው የሚመለሱ ሴት ናቸው።

«እና ያኔ ዕዳ ለሌለበት ምን ሰጡት?» አሉኝ።

ምንም፣ አልኳቸው።

«በል እንግዲህ፣ አንተም የጠጣኸውን ዛሬውኑ ክፈል።»