የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፦ አሠራሩና ዕድገቱ

ቦሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና መናኸሪያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ጎን ለጎን የተዘረጉ 3,800 እና 3,700 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መንደርደሪያዎች አሉት። ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ማረፊያውን የሚያስተዳድረው ራሱ የአየር መንገዱ ግሩፕ ነው።

ከቦሌ በፊት የነበረው ማረፊያ ልደታ ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም የመጡት ቦይንግ 720 ጄቶች የልደታው ሜዳ አጭር ስለሆነባቸው ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። አሁን ዋናው ዓለም አቀፍ ተርሚናል የሆነው ተርሚናል 2 የተከፈተው በ1995 ዓ.ም ነው።

የቦሌ ቀን የሚመራው በሁለት ማዕበል ነው። ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከመካከለኛው ምሥራቅ ሌሊቱን የበረሩት አውሮፕላኖች ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ተከታትለው ያርፋሉ፤ መንገደኞቻቸው ወደ አፍሪካ ከተሞች በሚነሡት የረፋድ በረራዎች ይሳፈራሉ። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከአፍሪካ የመጡት አመሻሽ ላይ ይገቡና ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ወደ ሩቅ አገር ይወጣሉ። ይህ የሚደረግበት ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነው። 20 በረራ ገብቶ ሌላ 20 ቢወጣ 400 የጉዞ ጥንድ ይፈጠራል፤ ያው በረራ ቀኑን ሙሉ ተበታትኖ ቢሆን ግን ብዙው መንገደኛ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ዋጋውም አለው። በማዕበሉ ሰዓት ፍተሻው፣ ጌቱ፣ አውቶቡሱ ሁሉ አንዴ ይጨናነቃል፤ በመሐል ያሉት ሰዓታት ደግሞ ጭር ይላሉ።

አንድ በረራ ሲዘገይ ከሰው ይልቅ ሻንጣ ይቀራል። መንገደኛው ሮጦ ጌት ይደርስ ይሆናል፤ ሻንጣው ግን ከአውሮፕላኑ ሆድ መውረድ፣ በመለያው ተነብቦ መለየት፣ ከዚያም በጋሪ ወደ ሌላው አውሮፕላን መጎተት አለበት። ተረኛው ተቆጣጣሪ የሚቀጥለውን በረራ ላቆየው ወይስ ልልቀቀው የሚለውን በደቂቃዎች ውስጥ ይወስናል። ቢያቆየው መድረሻው ላይ ያለውን የተመደበ ሰዓትና የሠራተኞቹን የሥራ ሰዓት ገደብ ያናጋል። (መንገደኛው ራሱ የሚሳሳትበትም አለ፦ ትኬት ላይ 8:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2:30 ነው።)

ከፍታው ሌላው ጌታ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከፍ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ለመነሣት የሚሮጠው ርቀት ይረዝማል፤ ጎማም የራሱ የፍጥነት ወሰን አለው። ቀን ሲሞቅ ይብስበታል፣ የሌሊት ቅዝቃዜ ግን ያግዛል። ውጤቱ በዋሽንግተን መስመር ላይ በግልጽ ይታያል፦ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት አብረው ስለማይሆኑለት መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ሲመለስ ግን ዝቅ ካለ ሜዳ ስለሚነሣ ያለ ማረፍ ይመጣል። ነዳጁም ቢሆን ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው።

ሁለቱ መንደርደሪያዎች ተቀራራቢ ስለሆኑ አውሮፕላኖች በመሣሪያ እየተመሩ እርስ በርስ ሳይጠባበቁ ጎን ለጎን ማረፍ አይችሉም፤ ለዚያ በዓለም አቀፍ ደንብ ቢያንስ 1,035 ሜትር ርቀት ይጠየቃል። ስለዚህ ሁለት መኖራቸው አቅሙን እጥፍ አያደርገውም።

ጥር 2011 ዓ.ም የተመረቀው የተርሚናል 2 ማስፋፊያ 363 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ በቻይና ብድርና ተቋራጭ ተሠርቶ፣ ከ7 ሚሊዮን አካባቢ የነበረውን ዓመታዊ የመንገደኛ አቅም ወደ 22 ሚሊዮን አሳድጎታል። አየር መንገዱ ራሱ በኋላ 25 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥርም ይጠቅሳል፤ ልዩነቱ ምናልባት ከአቆጣጠሩ ነው። የካርጎው ወገን ብዙ ባይወራለትም የሚያኮራ ነው፦ ሁለቱ የጭነት ተርሚናሎች በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ያስተናግዳሉ፣ አበባ በቀዝቃዛ ክፍል ያልፋል፣ በ2012 ዓ.ም የወረርሽኙ ጊዜም ለአፍሪካ የተላከ የሕክምና ቁሳቁስ ከዚህ ተከፋፍሏል።

ከተማው ዙሪያውን ስለከበበው ቦሌ ሦስተኛ መንደርደሪያ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። አዲሱ ማረፊያ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በጥር 2018 ዓ.ም መሠረቱ ተጥሏል። በዕቅዱ መጀመሪያ 60፣ በመጨረሻ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ይይዛል፤ ወጪው ቀድሞ 10፣ ኋላ ደግሞ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል። ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ የሚል በመሆኑ ያው አውሮፕላን ከዚያ ሲነሣ የበለጠ ጭነት መያዝ ይችላል። ለትራንዚት መንገደኛ የቦታው መራቅ ምንም ማለት አይደለም፤ አዲስ አበባ ለሚወርደው ግን ዛሬ የደቂቃዎች የሆነው መንገድ ፈጣን መንገድና ባቡር ይጠይቃል።